ነገ ስልሳ ቀን ይሞላዋል

«ይሄኛው ዘጠኝ ሺህ የት ሄደ?» አሉ ሚስተር ዳልበርግ፣ የእርሳሳቸውን ጫፍ ወረቀቱ ላይ ተክለው።

ሚርና ኮስኬላ ጃኬቷን እንኳ አላወለቀችም። ልጆቹን ጠዋት ትምህርት ቤት አድርሳ፣ የተማሪ አውቶብሷን እዚያው ጓሮ አቁማ፣ በቀጥታ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ነው የመጣችው። ክረምት ላይ ጡረተኞች እዚያ ተቀምጠው ለሰው በነፃ ታክስ ይሠራሉ። ሚስተር ዳልበርግ ድሮ ጂኦሜትሪ አስተምረዋታል፤ ዛሬም ፊታቸው ስትቀመጥ የቤት ሥራዋን ረስታ የመጣች ይመስላታል። በፖስታ የመጣላትን ወረቀት ሁሉ እንደታሸገ ነው በፌስታል ይዛ የመጣችው። አንብቢው ቢሏትስ ማን ይገባዋል?

«የቱ ዘጠኝ ሺህ?»

«ከልጅሽ ከአኒካ የኮሌጅ ቁጠባ ባለፈው ዓመት አሥራ ስምንት ሺህ ዶላር አውጥተሻል። ኮሌጁ ደግሞ የደረሰኝ ዘጠኝ ሺህ ነው ይላል። ይኸው፣ አንብቢው።»

«ተሳስተው ነዋ! ግማሹን ትምህርት ሲከፈት፣ ግማሹን ከገና በፊት ልኬያለሁ። ቼኩን የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው።»

እውነቷን ነው። ገንዘቡን ከቁጠባው በቀጥታ ወደ ኮሌጁ ማስላክ ይቻል ነበር። ባሏ ራስል ግን በሕይወት ሳለ «ገንዘቤ በእጄ ሳያልፍ የትም አይሄድም» የሚል ሰው ነበርና፣ እሷም የሱን ወግ ይዛ መጀመሪያ ወደ ራሷ ሂሳብ አስገብታ ነው የከፈለችው። ስለዚህ መንግሥት አውጪ አድርጎ የሚያውቀው እሷን ነው።

«እንግዲህ ስሚኝ፣» አሉ ሽማግሌው። «ለትምህርት ከዋለ ግብር የለውም። ለትምህርት ካልዋለ ግን፣ ገንዘቡ በነዚህ ሁሉ ዓመታት ያፈራው ትርፍ እንደ ገቢ ይቆጠርብሻል። በላዩ ላይ አሥር በመቶ ቅጣት አለው።»

«ኧረ ለትምህርት ነው የዋለው! ልጄ ነርስነት እየተማረች እንደሆነ አገር ያውቃል እኮ!»

ስልኳን አውጥታ እዚያው ኮሌጁ ጋ ደወለች። ያነሳችው ሴት የተማሪዋን ስም ጠየቀች፣ ከዚያ «ይቅርታ እመቤት፣ ልጅዎ ለአካለ መጠን ደርሳለች። ያለሷ ፈቃድ ምንም ልነግርዎ አልችልም» አለች። ድምፅዋንም ዝቅ አድርጋ፣ «እሷን ቢጠይቋት ጥሩ ነው» ስትል ጨመረች።

የማታውቀው ሰው እንዲህ የሚለሳለሰው መርዶ ሲይዝ ነው። 

«ከፍለሽ መልሰውት ከሆነ ወረቀቱ ላይ አይታይም፤» አሉ ሚስተር ዳልበርግ ዓይኗን ላለማየት መነጽራቸውን እየጠረጉ። «የሚመልሱት ደግሞ ለከፋዩ አይደለም፣ ለተማሪዋ ነው።»

«ለምን ይመልሳሉ? ካልተማረች ነው እኮ የሚመልሱት!»

 ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ኮሌጁ ቀድሞ ያወቀውን ነገር እናት የሰማችው ከታክስ ወረቀት ነው።

«ዝም ብለው ሁሉም ለትምህርት ዋለ ብለው ቢጽፉትስ?» አለች ድምፅዋን ቀንሳ። «ማን ያያል?»

«እኔ ያልሽኝን ነው የምጽፈው፣ ሚርና። የምትፈርሚው አንቺ ነሽ።» መነጽራቸውን አጠለቁ። «ግን ሌላ መንገድ አለ። ገንዘቡ ከተመለሰበት ቀን ጀምሮ በስልሳ ቀን ውስጥ ወደ ቁጠባው ካስገባችሁት፣ እንዳልወጣ ይቆጠራል። ግብርም የለ፣ ቅጣትም የለ። ስልሳ አንደኛው ቀን ላይ ከመጣሽ ግን እኔም አላድንሽም። መቼ እንደተመለሰ ጠይቂያት።»

አኒካ ስልክ አላነሳችም። ሦስት ጊዜ ተደወለላት። ሚርና በመጨረሻ «የኮሌጁን ነገር አውቄዋለሁ። የታክስ ጉዳይ ነው፤ ቅጣቱ በእኔ ላይ ነው። የት ነሽ?» ብላ ጻፈችላት። መልሱ የመጣው ወዲያው ነው፤ አድራሻ ብቻ ነበር።

አድራሻው ያለበት ትልቁ ከተማ በመኪናዋ በሐይቁ ዳር አርባ ደቂቃ ያስነዳል። መንገዱ በረዶ ሠርቶ ነበር፤ እሷ ግን ሰባ ተማሪ አሳፍራ የምትነዳው ሴትዮ አልሆነችም፣ ትከንፋለች። ራስል ማዕድን የሚጫንበት ወደብ ላይ፣ የሐይቁ ነፋስ ፊቱን እየገረፈው፣ አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ በየደሞዙ መቶ ዶላር ለዚህች ልጅ ሲያስቀምጥ ኖረ። ጓደኞቹ ጀልባ ገዙ፣ እሱ አልገዛም። ያ ገንዘብ አጥንቱ ነው! ምን እንደምትላት በቃሏ አጠናች፤ ከተማው ስትደርስ ስድቡ ተሰድሮ አልቆ ነበር።

አድራሻው ዳቦ ቤት ነው። አኒካ ሽርጥ አስራ፣ ቅንድቧ ድረስ ዱቄት ነክቷት፣ ከመጋገሪያው ትሪ ስታወጣ እናቷን አየችና ቆመች።

«እማዬ፣ እዚህ አይሆንም። ወደ ጓዳ ነይ።»

በዱቄት ጆንያዎቹ መሃል ቆሙ።

«መቼ ነው የተውሽው?»

«ከገና በፊት።»

«ገንዘቡ መቼ ገባልሽ?»

«ገና ሦስት ቀን ሲቀረው።»

ሚርና በጣቶቿ ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች። «ነገ ስልሳ ቀን ይሞላዋል፣» አለች። «እስከዚያ ወደ ቁጠባው ካልተመለሰ ግብር አለው፣ ቅጣት አለው።» ቁጣዋ ያን ጊዜ መጣ። «በገና ቤቴ ቁጭ ብለሽ፣ ያክስቶችሽን ምርቃት አሜን እያልሽ! አክስትሽ ሄለን የነርስ ጫማ ገዝታ ስትሰጥሽ፣ ስመሽ ተቀበልሻት እኮ! ምን ዓይነት ዓይን አውጣ ነሽ?»

አኒካ ወደ እግሯ አየች። ነጩን ጫማ አድርጋው ነበር። «ለመቆም ይመቻል፣» አለች ቀስ ብላ።

በሌላ ቀን ቢሆን ሁለቱም በሳቁ።

«ምን አጣሽ? ምን ጎደለብሽ? ያባትሽ ገንዘብ እኮ ነው!»

«ለልምምድ የመደቡኝ ሆስፒታሉ ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ እማዬ።»

 ራስል ሃያ ስድስት ቀን ተኝቶ የሞተው ሦስተኛ ፎቅ ነው።

«ስድስት ጊዜ ሄድኩ፣» አለች ልጅቱ። «ሊፍቱ ሲከፈት ያ ሽታ ይቀበለኛል። አንድ ቀን ያባዬ ክፍል ውስጥ የተኙትን ሰውዬ ላጥብ ገባሁ፤ እጄ እምቢ አለኝ። በሰባተኛው ቀን ከመኪናዬ ሳልወርድ ዋልኩ።»

«ለምን አልነገርሽኝም? እናትሽ አይደለሁም?»

«ምን ብዬ? ከቀብሩ ወዲህ አባዬን አንስተሽ ታውቂያለሽ? ስሙን ስጠራ ሳህን ልታጥቢ ትነሻለሽ። የምታነሺው ገንዘቡን ብቻ ነው። ያባትሽ ገንዘብ! ያባትሽ ገንዘብ!»

አጥንታ የመጣችው ስድብ ሁሉ ጠፋት። ጆንያው ላይ ተቀመጠች፤ ጃኬቷ በዱቄት ነጣ። ልጇ ላይ አዘነች፣ በራሷም አፈረች፤ የቱ እንደሚበልጥ አልለየላትም።

«እኔም በዚያ ሆስፒታል በር አላልፍም፣» አለች በመጨረሻ። «አሁን እንኳ በድልድዩ ዞሬ ነው የመጣሁት። አባትሽ ቢኖር ቤንዚን አቃጠልሽ ብሎ ይጮህብኝ ነበር።»

አኒካ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች። ሚርና በእጅጌዋ ፊቷን ልትጠርግላት ብላ ዱቄቱን ለቀለቀችባት።

«ገንዘቡስ?»

«አለ። ለተከራየሁት ክፍል መያዣ ስምንት መቶ ነክቼበት ነበር፣ ከደሞዜ እየቆረጥኩ ሞላሁት። ሙሉ ነው።»

«ሁለት ወር ሙሉ ይዘሽው ተቀመጥሽ?»

«ፈራሁት። ልመልሰው ብል አንቺ ታውቂያለሽ፤ ላወጣው ብል ያባዬ ነው።» አፍንጫዋን ሳበች። «አሁን መልሰን ካስገባነው ኮሌጅ ግቢ ትይኛለሽ፣ አይደል?»

ሚርና «አዎ» ልትል ነበር። «እኔ እንጃ፣» አለች። «ተነሺ፣ ባንክ ሳይጨናነቅ እንሂድ። ስምንት ሰዓት ላይ አውቶብሴ ጋ መድረስ አለብኝ።»

ባንኩ ሁለት በር አልፎ ነው። መስኮቱ ላይ የነበረችው ሎሬይን የቤተ ክርስቲያናቸው ዘማሪ ናት፤ ለሥራ ወደዚህ ትመላለሳለች። እነሱን ስታይ ፊቷ በራ።

«ውይ፣ ነርሳችን መጣች! መቼ ነው የምትመረቂልን?»

አኒካ አንገቷን ደፋች። ሚርና ወደ መስኮቱ ጠጋ አለች።

«ትታዋለች፣» አለች። «እዚህ ዳቦ ቤት ነው የምትሠራው። ኮሌጁ የመለሰላትን ወደ ቁጠባዋ ልናስገባ ነው የመጣነው። ነገ ቀኑ ያልቃል።»

ሎሬይን ደንገጥ ብላ ቅጹን አወጣች። «ዘጠኝ ሺውን በሙሉ?»

«በሙሉ፣» አለች አኒካ።

ሚርና ብዕሩን አነሳች። የልጇ እጅ መደገፊያው ላይ ነበር፤ ከአውራ ጣቷ እስከ አንጓዋ ትሪው ያቃጠላት ጠባሳ አለ። የካፖርቷ ዚፕ ተበላሽቶ ደረቷን በመርፌ ቁልፍ ነው የያዘችው፤ በዚህ ብርድ! ከደሞዟ እየቆረጠች ስምንት መቶውን ስትሞላ ምን በልታ ከረመች? ሚርና ይህን አልጠየቀችም፤ ብትጠይቅም ልጅቱ እውነቱን አትነግራትም።

«ሰባት ሺህ፣» አለች።

«እማዬ! ሁለት ሺውስ?»

«ላንቺ ነው። ካፖርት ግዢ፣ ኪራይሽን ክፈይ። የኮሌጁን ነገር ከዚያ ወዲያ እናያለን፤ ስትፈልጊ ትነግሪኛለሽ።»

«ለትምህርት ካልዋለ ግብር አለው፣ ቅጣት አለው አላልሽኝም?»

«አለው፣» አለች ሚርና። «ለትምህርት አልዋለም ብዬ እፈርማለሁ፣ እከፍላለሁ።»

ብዕሩን ወደ ቅጹ አውርዳ ሰባት ሺህ ብላ ጻፈች።