የሚወጋ ድምፅ

ራዲዮ ሠሪው እጁን አንዴ አጨበጨበ። በለቅሶ ቤት። ሰው ሁሉ ሻዩን እንደያዘ ዞሮ አየው፣ የሚጣ አክስትማ እንዴት እንዳፈጠጠችበት፣ በቃ፣ በዓይን መግደል ቢቻል ከዚያ ቤት ሁለተኛ ሬሳ ይወጣ ነበር።

«ምነው አንተ፣ ሰርግ መሰለህ እንዴ?» አለችው።

«ይቅርታ እትዬ፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው» አለና ወደ ሚጣ አባት ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ፣ «ሰማኸው?»

«ምኑን?»

«ጭብጨባውን። አልጮኸም እኮ፣ እዚያው ነው የሞተው። ባለፈው መጥቼ ሳጨበጭብ ግን ቤቱ እንደ ደወል አልነበር ያቃጨለው?»

ሚጣ ሻይ እየቀዳች አጠገባቸው ነበረች፣ ሁሉንም ሰማች። አባቷ ቀና ብሎ ሳሎኑን ዞር ዞር እያለ አየው። ወለሉ ከጎረቤት በመጣ ፍራሽና ምንጣፍ ተሸፍኗል፣ ሰው ከነካፖርቱ ከነሹራቡ ተጠጋግቶ ተቀምጧል፣ መስታወቱ ጋ ደግሞ ሴቶቹ ብርድ ልብስ ደራርበው ተደግፈዋል።

«ያ የሚወጋው የዘፈን ድምፅ ከአምፕሊፋየሩ አልነበረም ማለት ነው» አለ ራዲዮ ሠሪው። «ከቤቱ ነው። መስታወትና ሰቆ ብቻ፣ ድምፁ የሚያርፍበት አንድ ጨርቅ የለ። ሲወረወር ሲመለስ፣ ሲወረወር ሲመለስ፣ እንዴት አይወጋ? ያኔም ጠርጥሬ ነበር፣ ግን መስታወትህን እንደምትወደው ስለማውቅ ዝም አልኩ።»

ዝም አልኩ ይላል ደግሞ። ሦስተኛውን አምፕሊፋየር ተሸክሞ ያመጣው ራሱ ነው እኮ።

አባቷ ሻዩን መሬት አስቀመጠና እጁን እያየ ቀረ።

የሚጣ አባት መስታወት ገጣሚ ነው። የሳሎኑን አንድ ግድግዳ ሙሉ በሙሉ፣ ከመሬት እስከ ጣሪያ፣ በገዛ እጁ መስታወት አድርጎታል። እሁድ እሁድ በጋዜጣ ሲወለውለው ብታዩት ሕፃን ልጅ የሚያጥብ ነው የሚመስለው። እናቷ ደግሞ ልብስ ሰፊ ነበረች፣ ሜትሯ ከአንገቷ አይወርድም፣ ረስታው ገበያ ሁሉ ይዛው ትሄድ ነበር። ማታ ማታ ሁለቱ አንድ ሶፋ ላይ ይቀመጣሉ፣ እሷ እግሯን ጭኑ ላይ ትጭናለች፣ ዘፈን ይከፍታል። ሚጣ በጣም ታፍርባቸው ነበር፣ ጓደኞቿ ሲመጡ «ኧረ እባካችሁ እንደ ሰው ተቀመጡ» ትላቸው ነበር።

ከዚያ እናቷን ራሷን ያማት ጀመር። ሐኪሞቹ ስም ሰጡት፣ ረጅም ስም፣ መድኃኒት ግን አልነበረውም። ድምፅ አላስቀምጥ አላት። «ቀጭን ቀጭኑ ነው የሚያመኝ» አለች፣ «እንደ መርፌ ነው የሚገባው።» ትራሷን ይዛ ወደ ጓዳው ክፍል ገባች፣ ከሶፋው ላይ እግሯ ጠፋ።

አባቷ ይህን አልቀበልም አለ። ድምፁን አለስልሼ እመልሳታለሁ፣ በቃ። ስፒከሩን ቀየረ። ሽቦውን የውሃ ጎማ በሚያህል ሽቦ ቀየረ። አምፕሊፋየር መለሰ፣ ሌላ አመጣ፣ እሱንም መለሰ። አንድ ቀን እናቷ ቀስ ብላ ወጥታ መስታወቱ ጋ ቆመች።

«መጋረጃ ልስፋለት?» አለች። «ወፍራም፣ መሬት የሚደርስ።»

«መስታወቴን በጨርቅ? እኔ ሳልሞትማ አታደርጊውም።»

«እሺ፣ ተወው» አለችና ሜትሯን ጠቅልላ ተመለሰች። ቀድማው ሞተች።

የሞተች ቀን ሦስተኛው አምፕሊፋየር መጣ። ሚጣ ትምህርት ቤት ነበረች። አባቷ እንዳይረብሻት ብሎ ሁለቱንም በር፣ የጓዳውንም የሳሎኑንም፣ ዘጋ፣ የምትወደውን ዘፈን ከፈተ፣ ሙሉ ከሰዓት ሲነካካ ዋለ። ትንሽ ለሰለሰለት። ደስ ብሎት እየሮጠ ሄዶ በሯን ከፈተ፣ «ነይ ስሚው፣ ተስተካክሏል» አላት። ብርድ ልብሷ ተገፍፎ ነበር። አንድ እግሯ መሬት ላይ ነበር።

በለቅሶው ሦስተኛ ቀን ሚጣ ኩሽና ውስጥ ብርጭቆ ታጥባለች፣ አክስቷ ለጎረቤቷ ታንሾካሹካለች።

«እግሯን እኮ አውርዳ ነበር። ልትነሳ ነው። ጠርታው ጠርታው ሲያቅታት ነዋ። ያ ነገር እየጮኸ በምን ጆሮው ይሰማታል?»

«ዝም በይ፣ ልጅቷ አለች።»

ልጅቷ ብቻ ብትሆን ጥሩ ነበር። ሚጣ ስትዞር አባቷ ባዶ ቴርሞስ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ቴርሞሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ እንዳይጮህ ቀስ አድርጎ፣ ከዚያ ወጣ። ከዚያ ወዲያ እህል አልቀመሰም። ሰው «አይዞህ» ሲለው «እሺ» ይላል፣ «ብላ» ሲለው «እሺ» ይላል፣ ግን የት እንዳለ እንጃ።

በአምስተኛው ቀን ለቀስተኛው ሄደ፣ ጎረቤቶች ፍራሻቸውንና ምንጣፋቸውን ወሰዱ፣ አክስቷም ቤቷ ገባች። ከሰዓት ነበር፣ ፀሐዩ በመስታወቱ ገብቶ ሰቆው ላይ ተንጣሏል። አባቷ መሃል ሳሎን ቆሞ እጁን አንዴ አጨበጨበ። ቤቱ አቃጨለ።

«ሚጣዬ፣ ነይ እስኪ» አላት። «ቤቱ ያን ቀን እንደነበረው ሆኗል። ሂጂና አልጋዋ ላይ ተኚ። በሩን ዝጊው። እኔ የሳሎኑን ዘግቼ ያንኑ ዘፈን በዚያው ልክ እከፍተዋለሁ። አንቺ ጥሪኝ።»

«እንዴት ብዬ?»

«እሷ እንደምትጠራኝ። በመጨረሻ ሰሞን እንደምትጠራኝ።»

«አባዬ፣ ይቅርብን በናትህ።»

«ከሰማሁሽ አልጠራችኝም ማለት ነው» አለ። «ካልሰማሁሽ ግን...» አልጨረሰውም። ፂሙ አድጎ ሌላ ሰው መስሏል፣ እና ሚጣ እምቢ ብትለው የሆነ ነገሩ የሚሰበር መሰላት።

ሄደች። በሩን ዘጋች። ተኛች። ትራሱ እናቷን እናቷን ይሸታል፣ በአፏ መተንፈስ ጀመረች። ዘፈኑ በሁለት በር አልፎ መጣ፣ ያ ቀጭኑ ድምፅ፣ ልክ እንደ መርፌ። እናቷ ውሸቷን አልነበረም።

«አንተዬ» አለች ሚጣ፣ በዚያች በደከመች ድምፅ።

ዘፈኑ ቀጠለ።

«አንተዬ» ትንሽ ከፍ አደረገችው። ምንም። ሦስተኛ ጠራችው፣ አራተኛ። አባቷ በሩን እያየ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ጆሮውን ቀስሮ እንደቆመ ታውቃለች፣ እና እየሰማት አይደለም። እናቷም በዚህ አልጋ ላይ ይሄንኑ ግድግዳ እያየች... ይሆናል። ማን ያውቃል። ማንም አያውቅም፣ ከእንግዲህም የሚያውቅ የለም።

ሚጣ ተነስታ ተቀመጠች፣ በሁለት እጇ አልጋውን ያዘችና አንጀቷ እስኪወጣ ጮኸች። ከአምስት ቀን ጀምሮ ያልጮኸችውን ሁሉ።

ዘፈኑ ተቋረጠ። የእግር ኮቴ እየሮጠ መጣ። ቶሎ ብላ ተኛች፣ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳበች።

«ሰማሁሽ» አለ አባቷ በሩ ላይ እያለከለከ። «ስንቴ ጠራሽኝ?»

«አንዴ።»

«ቀስ ብለሽ?»

«ቀስ ብዬ። እንደ እሷ።»

ድምፅዋ ግን ተሰንጥቆ፣ ሻክሮ፣ የሆነ የአሮጊት ድምፅ ሆኖ ወጣ። አባቷ ትክ ብሎ አያት። እሷ ጣሪያ ጣሪያውን አየች። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፣ ሻርፑን ከአንገቱ ፈታና የሷ አንገት ላይ ጠመጠመው፣ አንዴ፣ ደግሞ አንዴ፣ ጫፉን ከአገጯ ስር ሸጎጠው።

«አታውሪ በቃ» አላት። «ጉሮሮሽን አሳርፊው።»