እደጉ፣ ተመንደጉ

ተመራማሪዋ ዕድሜዋን የፈጀችው በአንዲት ፕሮቲን ላይ ነው። ፕሮቲኗ በሕዋስ ውስጥ መልእክተኛ ናት፤ ከውጭ ትእዛዝ ሲመጣ ተቀብላ «እደጉ፣ ተመንደጉ» ትላለች፣ ከዚያ ዝም ትላለች። አንዳንዴ ግን ትበላሽና ዝም ማለት ያቅታታል። ሕዋሱም ልክ አጥቶ መባዛት ነው፤ ዕጢ የሚሉት ይኼንኑ ነው።

እናታቸው ከሞተች ወዲህ እንደ ልጇ ያሳደገችው ታናሽ ወንድሟ አናጢ ነበር። ሳል ይዞት ከረመና ሲመረመር ሳንባው ላይ ዕጢ ተገኘ። ውጤቱን ብታየው መዘዙ ያችው የምታውቃት ፕሮቲን ናት። ይቅር ይበላትና ደስ አላት።

«ይቺንማ አውቃታለሁ» አለችው ትከሻውን ይዛ። «አፏን የሚያስዘጋ ክኒን አለ። አይዞህ!»

እውነትም ሠራ። ሳሉ ለቀቀው፣ ፊቱ ወዝ አወጣ፣ መጋዙን አንስቶ ለሚስቱ ቁም ሣጥን ጀመረላት። «እትዬ፣ ትምህርትሽ ለካ ጥቅም አለው!» እያለ ይቀልድባት ነበር።

የቁም ሣጥኑ በር ሳይገጠም ሳሉ ተመለሰ።

ሐኪሙ ከደረቱ የቀዳውን ውኃ ሰጣት፤ ውስጡ ያሉትን ሕዋሳት በቤተ ሙከራዋ አራባቻቸውና መድኃኒቱን ጨመረችባቸው። በማጉያ መነጽር ስታያቸው ደነገጠች። ድሮ እንደ ማር እንጀራ ተጠጋግተው ይቀመጡ የነበሩት እንደ ክር ቀጥነዋል፤ እግር የመሰለ ነገር አውጥተው ይሄዳሉ። በሌላ ምርመራ ስታጣራ የመጀመሪያዋ ፕሮቲን አፏ እንደተዘጋ ነው። ነገር ግን ሌላ ተነስታ ያንኑ ትእዛዝ ታስተላልፋለች፤ ቅርጻቸውንም የለወጠችው እሷ ናት። መድኃኒቱን ብትጨምር፣ ብትጨምር፣ ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ።

የቤተ ሙከራው ኃላፊ ከኋላዋ መጥቶ አጎንብሶ አየ።

«አቤት! ይኼን እኮ እስካሁን ማንም አላየውም። እንኳን ደስ አለሽ!»

የማን ሕዋሳት እንደሆኑ አልነገረችውም ነበር። ስትነግረው ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ወንድሟ ቤት ሄደች። ሚስቱ ትራስ ደራርባ አስደግፋዋለች።

«እህሳ እትዬ፣ ምን ተገኘ?» አላት፣ ትንፋሽ እያጠረው።

«ትንሽ ብንጠብቅ...»

«ተይ። ስትዋሺ አፍንጫሽን ትነኪያለሽ።»

እጇን አወረደች። «ሕዋሳቱ መንገድ ቀይረዋል። ክኒኑ ከእንግዲህ አይረዳህም።»

«ሌላ የለም?»

«ይፈለጋል። ይገኛልም።»

«ለእኔ ይደርሳል?»

ሚስቱ የያዘችውን ሾርባ ወለሉ ላይ አስቀምጣ ወጣች።

«የሚያናድደኝ» አለ ወንድሟ፣ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ፣ «ድኜ የነበረ መሆኑ ነው። መጀመሪያውኑ ባይሻለኝ ኖሮ እስካሁን ለምጄው ነበር።»

ያንን ተስፋ የሰጠችው ራሷ ናት። እጁን ያዘች። ከዚያ ሳሉ ተነሣበት፤ ቶሎም አልለቀቀውም።