ጭቃ የለበሰው መስታወት

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እሙዬ ግን ጥርጣሬን ከተረት አልተማረችውም፤ ከቀበሌ ቤት ነው የተማረችው።

ጋምቤላ ክልል ተብላ በየሳምንቱ አዲስ ቢሮ ታፔላ በሚሰቅልበት፣ አዲስ ኃላፊም ማደሪያ በሚያፈላልግበት ሰሞን ነው። እሙዬ ክሊኒክ ውስጥ ቁስል የምታጥብ፣ መርፌ የምትወጋ ድሬሰር ናት። ከደጋ መጥታ ባሮ ዳር ካለችው አሮጌ የድንጋይ የቀበሌ ቤት ከገባች ብዙ ዓመቷ ነው፤ ያኔ ብትወልድ ኖሮ ልጇ ይሄኔ ጢም ያበቅል ነበር።

ቤቷን መርከብ ከካርቱም እየመጣ ቡና ይጭን በነበረበት ዘመን አንድ የግሪክ ነጋዴ ነው ያሠራት። የበረንዳዋ ምሰሶዎች ብረት ናቸው፤ አናታቸው ላይ የወይን ቅጠል ተቀርጾባቸዋል። ከበሩ በላይ ቀይና አረንጓዴ መስታወት አለ። ፀሐይ ወደ ኢታንግ ስታዘቀዝቅ ቀዩ ብርሃን ወለሉን ያቋርጥና አልጋዋ ላይ ይወጣል፤ ከእመቤታችን ሥዕል እግር ሥር ሲደርስ ይጠፋል። እሙዬ ከሥራ ተመልሳ እግሯን እየታጠበች ይህን ታያለች። ለማንም ነግራ አታውቅም። ድሃ ያለውን ጥሩ ነገር አያወራም፤ ያወራ ዕለት ይወሰድበታል።

ታዲያ አንድ ምሽት ከማንጎው ዛፍ ሥር አንድ ረጅም ወጣት ቆሞ አየች። ሸሚዙ የተተኮሰ ነው። በማግስቱም መጣ። እሷን ቢያይ ኖሮ አንድ ስድብ ሰድባው ይገላገሉ ነበር። እሱ የሚያየው ግን ቤቱን ነው።

«እንደምን አመሹ፣ እትዬ እሙዬ?» አላት በሦስተኛው ቀን። «ጎኝ እባላለሁ። ከአዲሱ ቢሮ ነኝ።»

ስሟን ማን ነገረው? አንቱታውስ ምን አስፈለገው? ከመጠን በላይ ጨዋ የሆነ ሰው አንድ የሚፈልገው ነገር አለ ማለት ነው።

«ምን ጠፍቶብህ ነው?»

«ምንም። ቤቱ ያምራል።»

እሙዬ ክው አለች። ያምራል! በዚያ ሰሞን «ያምራል» የተባለ ቤት ሳይውል ሳያድር ሌላ ሰው ቁልፍ ይዞለት ይመጣል። ላይ ሰፈር የነበረው አስተማሪ ቤቱ እንዳማረ ተነግሮት ነው ዕቃውን በጋሪ ያወጣው። የእግሯን እጣቢ አንስታ ወደ ጫማው ደፋችው።

«ይቅርታ፣ አላየሁህም» አለች፣ ዓይን ዓይኑን እያየች።

በማግስቱ ማለዳ ጎረቤቷ ዘንድ ሄደች። ኛሩዋይ ደረቅ ዓሣ ትሸጣለች፤ እሑድ እሑድ ደግሞ በቤተ ክርስቲያኗ መዘምራን መካከል ከሁሉም በላይ የሚሰማው የእሷ ድምፅ ነው።

«ኛሩዋይ፣ ዓሣሽን እኔ በረንዳ ላይ ስቀይው።»

ኛሩዋይ ቢላዋዋን አስቀመጠች። «ዶክተር፣ አንቺ ታመሻል?»

«ደኅና ነኝ።»

«ባለፈው ምን አልሽኝ? ‹የዓሣሽ ሽታ እንቅልፍ ነሳኝ› አልሽኝ። አሁን ዓሣ ወደድሽ? አንቺ አንድ ነገር ሠርተሻል።»

«ስቀይ ብያለሁ ስቀይ!»

ከዚያ እሙዬ እበት ከአመድ ለወሰች፤ ምሰሶዎቹን ከነቅጠላቸው ቀባች፤ ባለአበባውን የወለል ንጣፍም ለቀለቀችው። በመጨረሻ በርጩማ ላይ ወጥታ የባሮን ጭቃ በመስታወቱ ላይ ከውስጥም ከውጭም ለጠፈችበት። እጇ ቀዩ ጋ ሲደርስ ትንሽ አመነታ። ቢሆንም ቀባችው። ያን ምሽት ቤቱ ውስጥ ጨለማ ብቻ ገባ። «ይኸው፣ አሁን ያምራል በለኝ!» አለች ለብቻዋ። ጎኝ ከማንጎው ሥር ቆሞ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። እሷም ጭንቅላቱን በነቀነቀ ቁጥር ልቧ ጮቤ ረገጠ።

ጥቂት ቀን ቆይቶ ከክሊኒክ ስትመለስ ከበሩ አጠገብ በቀይ ቀለም የተጻፈ ትልቅ X ጠበቃት። ትርጉሙን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል፤ ይፈርሳል ማለት ነው።

«የቢሮው ትልቁ ሰውዬ መጣ» አለች ኛሩዋይ። «አፍንጫ ያዘ። ‹ይህ የዓሣ መጋዘን ነው› አለ። ቀለም አስቀባ።»

«ያ ጎኝስ?»

«እሱ ብዙ ተናገረ። ምሰሶ በጥፍር እየፋቀ ‹ከሥር እዩ› አለ። ትልቁ ሰውዬ አልሰማም።»

ጎኝ ሲመሽ መጣ። እሙዬ መጥረጊያዋን እንደ ጦር ይዛ ጠበቀችው።

«ለአዲሱ መንገድ ሲባል የወንዝ ዳር አሮጌ ቤቶች ይፈርሳሉ» አላት። «ለከተማው ታሪክ የሚሆኑት ግን ይቀራሉ ተብሏል። የእርስዎ እንዲቀር ከሁሉም በፊት የጠቆምኩት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ አፍ የለህም? ለምን አልነገርከኝም?»

«እጣቢ ደፉብኝ።»

«አንተን አልነካህም!»

«ጫማዬን ነክቶታል።»

ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ያዘችው። «አንተን የግሪክ ቤት ምን አገባህ?»

«እናቴ እዚህ ልብስ አጣቢ ነበረች። በዚህ ወለል ላይ ታስተኛኝ ነበር። ከአማርኛ መጀመሪያ የያዝኩት ‹ቀይ› እና ‹አረንጓዴ› የሚለውን ነው። ብርሃኑን ልይዘው ስድህ፣ አልጋው ላይ ወጥቶ ያመልጠኝ ነበር።»

እሙዬ መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። ሌባ ቢሆን ይሻላት ነበር። ለሌባ በር ይዘጋል፤ ብርሃኑን ከእሷ ቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ምን ይዘጋለታል?

«ባጥበውና ቢያምር፣ ያ አለቃህ ራሱ ይገባበታል» አለች በመጨረሻ።

ጎኝ ዙሪያውን ቃኘና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ነገ ከሰዓት ይዤው እመጣለሁ። ውጭውን ይጠቡት። ውስጡን ይተዉት።»

ምክሩ ልክ ነው፤ ያስፈራትም ይኸው ነው። ለሰው ይህን ያህል ያሰበ ጭንቅላት ለራሱስ ምን አስቦ ይሆን? ግን ቀዩ X ከጀርባዋ አለ፤ ሌላ መንገድ አልነበራትም።

በማግስቱ ከኛሩዋይ ጋር ከወንዙ ውሃ እየቀዱ ሲፈትጉ ዋሉ። የወይን ቅጠሎቹ ከአመዱ ሥር አንድ በአንድ ወጡ። መስታወቱ ከውጭ በኩል በሎሚ ታሸ። እንስራ የተሸከመች አንዲት ሴት መንገድ ላይ ቆመች።

«ይህ ድሮም እዚህ ነበር?» አለች።

«ለሚያይ ነበር» አለች እሙዬ።

ኃላፊው መጣ። ምሰሶውን በመዳፉ ዳሰሰው፤ ቅጠሉን አየ። ወደ ጎኝ ዞሮ «እንዲህ መሆኑን ለምን አልነገርከኝም?» አለው። ጎኝ መሬት መሬት አየ። ከዚያ ኃላፊው፣ እሙዬ እንደፈራችው፣ «ውስጡስ?» ብሎ በሩን ገፋ። ከበረንዳው የተነሳው ዓሣ ሁሉ እዚያ ተሰቅሏል፤ የወለሉም እበት እንዳለ ነው። መሐረቡን አፍንጫው ላይ አድርጎ ወደ ኋላ ተመለሰ።

«እዚህ ሰው ይኖራል?»

«እኔ እኖራለሁ።»

«እንዴት ቻሉት?»

«ለምጄው ነዋ» አለች እሙዬ፣ አንገቷን ደፍታ።

ኃላፊው ቀዩ X እንዲፋቅ አዝዞ ሄደ። ቤቱ ይቆያል።

ቤቱስ ቆየ፤ ምሽቱ ግን አልተመለሰም። መስታወቱ በውስጥ በኩል ጭቃ እንደለበሰ ነው፤ እሙዬ በጨለማ እግሯን ትታጠባለች። ዛሬ አጥበዋለሁ ትልና የመኪና ድምፅ ስትሰማ ትተወዋለች። አንድ ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አልቻለችም። በሩን ቀርቅራ በርጩማው ላይ ወጣች፤ በእርጥብ ጨርቅ መዳፍ የምታህል ቦታ ጠረገች። ብርሃኑ ወለሉ ላይ ዱብ አለ። ወርዳ ልታየው ስትል በሩ ተንኳኳ።

እሙዬ ዘላ መስታወቱን በመዳፏ ከደነችው። «ማነው?»

«ጎኝ ነኝ።»

«ምን ፈልገህ ነው?»

«ቀዩ ነው ወይስ አረንጓዴው?» አለ ከውጭ።

ከማንጎው ሥር ሆኖ ሲያያት ኖሯል! በጣቶቿ መካከል የሾለከው ብርሃን አልጋዋ ላይ ወጥቷል።

«ጥቁር ነው!» አለች። «ሂድ፣ ቤትህ ግባ!»

ጎኝ ሲስቅ ሰማችው፤ እርምጃውም ራቀ። እሷ ግን በርጩማው ላይ እንደቆመች ጥቂት አዳመጠች። ከዚያ መጀመሪያ ጎንበስ ብላ በሌላው እጇ የቁልፉን ቀዳዳ በጨርቅ ጠቀጠቀች፤ መዳፏን ከመስታወቱ ላይ ያነሳችው ከዚያ በኋላ ነው።