ለእህቴ ልጅ ሸሚዝ

ሸሚዝ ፋብሪካው ውስጥ ትክክለኛ ስሟን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነበር። ለሌላው ሰው ሁሉ «ኮሌታ» ናት። ከተቀጠረችበት ዕለት ጀምሮ የሸሚዝ አንገት ከመስፋት ሌላ ሥራ ሠርታ አታውቅም። ከእጇ የሚወጣው ኮሌታ ጫፉ ሹል፣ ጀርባው ልሙጥ ነው፤ ግራና ቀኙን ቢደራርቡት ቅንጣት አይዛነፍም። ከጎኗ ተቀምጣ እጅጌ የምትሰፋው ደግሞ «ሳቂታ» ትባላለች። ለምን እንደተባለች መጠየቅ አያስፈልግም፤ መርፌ ጣቷን ሲወጋት እንኳ መጀመሪያ ትስቅና ነው ኋላ «ውይ!» የምትለው።

ሁለቱ ባንድ ሰሞን ተቀጥረው፣ ጎን ለጎን እየሰፉ ነው ለወግ ለማዕረግ የበቁት። ኮሌታ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ከአልጋዋ ሥር ያልጠፋችው ሳቂታ ናት። የሳቂታ ባል ጥሏት የሄደ ጊዜ ደግሞ ከነልጆቿ ኮሌታ ቤት ከርማለች። ከዚያ ወዲህ «እህቴ» ነው የሚባባሉት። አዲስ የሚቀጠሩ ልጆች የእውነት የአንድ እናት ልጆች ይመስሏቸው ነበር።

ነገር የመጣው ገበያው ሲቀዘቅዝ ነው። ዋናው ደንበኛ ሸሚዝ ማዘዝ አቆመ። በምትኩ የተገኘው ሥራ የሆስፒታል ሠራተኞች የሚለብሱት፣ አንገቱ ክብ የሆነ ልብስ ነበር። ክብ አንገት ኮሌታ አይፈልግም፤ ቁልፍም የለውም። አንድ ጠዋት የስፌት መኪኖቹ ሳይነሱ አለቃው የክር ካርቶን ላይ ወጥቶ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ኮሌታ ክፍልና ቁልፍ ክፍል፣ ለጊዜው ቤታችሁ ታርፋላችሁ» አለ። «ማንም ከሥራ አልተሰናበተም። ሥራ ሲመጣ እንጠራችኋለን። ደመወዝ ግን፣ ያው እንግዲህ እረፍት ስለሆነ...»

አልጨረሰውም። ሁሉም ገብቶታል።

ከሚሄዱት ይልቅ ያለቀሰችው ሳቂታ ናት። በር ድረስ ሸኝታት፣ የኮሌታ አንገት ላይ ተጠምጥማ፣ «እኔስ ያለ አንቺ እዚህ ምን አለኝ? ልጆቼን! በየሳምንቱ እየመጣሁ ወሬውን ሁሉ እነግርሻለሁ» አለቻት።

እውነትም መጣች። እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ብቅ ትልና ማን ከማን እንደተጣላ፣ የትኛው መኪና እንደተበላሸ፣ አለቃው ምን እንዳለ ትዘረግፍላታለች። ኮሌታም ሳምንቱን ሙሉ የምትጠብቀው ያንን ነበር። ባሏ ቀለም ቀቢ ነው፤ ሥራ ሲያገኝ ማለዳ ወጥቶ ነጭ ሆኖ ይመለሳል፣ ሲያጣ ደጃፉ ላይ ብሩሽ ሲያጥብ ይውላል። ቤት መዋል ያልለመደች ሴት ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ ስትመላለስ አይቶ፣ «ኧረ አንድ ቦታ አረፍ በይ፤ ወለሉን ጨረስሽው» ይላት ነበር።

ቤት የዋሉት ሌሎቹ ሴቶች ግን እንደ እሷ አልታገሡም። በምሳ ሰዓት ፋብሪካው በር ላይ እየተሰበሰቡ «ምን ተባለ? መቼ ልትጠሩን ነው?» ማለት ያዙ። ከውስጥ የሚወጡት መጀመሪያ ሰሞን አዘኑላቸው፤ ቆይተው መሸሽ፣ ኋላም መቆጣት ጀመሩ። አንድ ቀን ከእጅጌ ክፍል አንዷ፣ «እናንተስ ፀሐይ እየሞቃችሁ ነው! የሁለት ሰው ሥራ ተጭኖብን ወገባችን የተቆረጠው እኛ!» ብላ ጮኸች። የቁልፍ ቀዳዳ ስትሠራ የኖረችው ባለ ቁልፏ በበኩሏ ምላሷ እንደ መቀስ ነው። «እንግዲያው ነይና ፀሐዩን ሙቂልኝ፣ እኔ ልግባልሽ! አለቃ ጉያ ተሸጉጣችሁ የቀራችሁ ሁሉ!» አለቻት። ከዚያ ወዲህ ውስጥ ያሉት ውጭ ያሉትን «እረፍተኞች»፣ ውጭ ያሉት ደግሞ ውስጥ ያሉትን «ምርጦቹ» ማለት ጀመሩ። መንገድ ላይ ሲተላለፉ እንኳ ሰላምታው ከአንገት በላይ ሆነ።

«ያቺ እህቴ የምትያትስ ያው ምርጥ አይደለችም?» አለቻት ባለ ቁልፏ አንድ ቀን ኮሌታን።

«እሷን ተይልኝ» አለች ኮሌታ። «የሷን ሆድ እኔ አውቀዋለሁ። እኔን ሳትጠይቅ አንድ እሑድ አላደረችም።»

«እሺ፤ እኔ ምን ቸገረኝ።»

በሚቀጥለው እሑድ ሳቂታ በፌስታል ነጭ ጨርቅ ቋጥራ መጣች። ያን ቀን ወሬ አላበዛችም። ትንሽ ተቀምጣ፣ «እህቴ፣ ላስቸግርሽ ነው» አለች። «ለታናሽ እህቴ ልጅ የትምህርት ቤት ሸሚዝ ልሰፋለት ነበር። እጅጌውንስ ያው እኔ ነኝ፤ ኮሌታው ላይ ግን ዓይኔ ፈጠጠ። ይህን ጫፍ እንዴት እንደምታሾይው አሳይኝ እስቲ፣ በሞቴ።»

«ታዲያ እኔ ሰፍቼ አልሰጥሽም?»

«አይ፣ ራሴ ብሰፋለት ደስ ይለኛል። ደግሞ እስከ መቼ ላስቸግርሽ።»

ኮሌታ የቤት መኪናዋን ልብስ ገፍፋ፣ መስኮቱ ሥር ስባ፣ እጅጌዋን ሰበሰበች። ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ ሰው እጇን ፈልጎ መጣ! ጨርቁን ስትዳስሰው ጣቶቿ የሳቁ መሰላት።

«ይኸውልሽ፤ ጥጉ ላይ ስትደርሺ ዝም ብለሽ አትዙሪ። እዚህ ጋ በሁለቱ ጨርቆች መሀል ክር ታጋድሚያለሽ። ጥጉ ላይ አንዲት ስፌት ብቻ በሰያፍ ትወጊያለሽ። ከዚያ ትዞሪያለሽ። ትርፉን በመቀስ ታነሺና ስትገለብጪው፣ ክሩን ሳብ! አየሽ? ብቅ አለ። አሁን ክሩን ባንድ ወገን መዘዝ ማድረግ ነው።»

ይህን ዘዴ ማንም አላስተማራትም። ስንት ኮሌታ አበላሽታ ራሷ የደረሰችበት ነው፤ ፋብሪካው ውስጥም ለማንም አሳይታ አታውቅም። ሳቂታ አልሳቀችም። አንገቷን አቀርቅራ፣ «አንዴ ድገሚልኝ»፣ «አሁን እኔ ልሞክረው»፣ «ይሄስ ለምን ተጨማደደ?» እያለች ፀሐይ እስኪያዘቀዝቅ ሠራች። መጨረሻ ላይ፣ «የፋብሪካው መኪና ላይ ቢሆን ግን የክሩን ጥብቀት ትቀንሽለታለሽ?» ስትል ጠየቀች።

«አዎ፣ ላላ ታደርጊለታለሽ። አንቺ ደግሞ! ለአንድ ልጅ ሸሚዝ እንዲህ ከተጨነቅሽ ሲዳር ሱፉን ልትሰፊለት ነው?»

ያኔ ነው ሳቂታ የሳቀችው። ሳቋ ግን አጭር ነበር፤ ፌስታሏን አንስታ ቶሎ ወጣች።

በቀጣዩ እሑድ ቀረች። በሌላውም ቀረች። ኮሌታ፣ «ሥራ ደራርበውባት ነው፤ ደክሟት ነው» እያለች ለራሷ መልስ ትሰጣለች። ልጇን ልካ ብታስጠይቅ፣ «ትንሽ ራሴን አሞኝ ነው፣ እመጣለሁ በላት» የሚል መልስ መጣ።

አንድ ጠዋት ባለ ቁልፏ በሩን ሳታንኳኳ ገባች። «ሰማሽ? ሸሚዝ ተጀምሯል! በመኪና ሲጭኑ በዓይኔ በብረቱ አየሁት፤ ባለ ኮሌታ ነው። ቁልፉን ውጭ ነው አሉ የሚያሠሩት፣ እኔንስ በልተውኛል። ግን ኮሌታውን ማን ሰፋው?»

ኮሌታ የሰማችው የመጀመሪያውን ቃል ብቻ ነው። ሸሚዝ ተጀምሯል። «እንግዲያማ ሊጠሩኝ ነው!» ብላ ብድግ አለች። የሥራ ጋዋኗን ከሳጥን አውጥታ ተኮሰች፤ ፊቷን ታጥባ፣ ፀጉሯን ሰብስባ፣ እንደ ድሮው በፍጥነት እየተራመደች ሄደች። ጥበቃው ገና ከሩቅ ሲያያት ዓይኑን ሰበረ። «ግቢ» አላት ብቻ፤ ሌላ ጊዜ ቀልድ ሳይወረውር አያስገባም ነበር።

የአለቃው ቢሮ ያለው ከስፌት አዳራሹ ማዶ ስለሆነ በመኪኖቹ መሀል ማለፍ ነበረባት። «እንዴት ናችሁ!» አለች ጮክ ብላ። አንዷ አጎንብሳ መቀስ መፈለግ ጀመረች። ሌላዋ ክር መቀየር። ያቺ በር ላይ የጮኸችው ቀና ብላ አይታት መልሳ አቀረቀረች። ኮሌታ ምን እንደነካቸው አልገባትም። ከዚያ ወደ ራሷ ቦታ ዞር ብላ አየች።

መኪናዋ ላይ ሳቂታ ተቀምጣለች። ከፊቷ ነጭ ኮሌታ ተከምሯል። ክር በጥርሷ ይዛ፣ አንዱን ገልብጣ፣ ሳብ አደረገችው። ጫፉ ብቅ አለ።

ኮሌታ አጠገቧ ያለውን ዓምድ ያዘች። ሳቂታ ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ክሩ ከአፏ ወደቀ። ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ጥበቃው እንኳ ሳይቀር። ያላወቀችው ጋዋኗን ተኩሳ የመጣችው እሷ ብቻ ናት።

አለቃው ከቢሮው ብቅ አለና ሲያያት ፊቱ በራ። «እንዲያውም ላመሰግንሽ እፈልግ ነበር» አላት። «ትንሽ ትዕዛዝ ናት፤ ለሷ ብለን ክፍሉን ሁሉ ብንጠራ አያዋጣንም። አንቺ ባታስተምሪያት ኖሮ ሥራው ያመልጠን ነበር። ‹ራሷ ናት ደስ ብሏት ያሳየችኝ› ብላ ነገረችኝ። ይህ ነው የሥራ ባልደረባ!»

«ደስ ብሎኝ ነው» አለች ኮሌታ። ድምፁ የሷ አልመስላት አለ። «እውነቷን ነው። ደስ ብሎኝ ነበር።»

ወጥታ ወደ ቤቷ አልሄደችም። ከበሩ ማዶ፣ ግንቡ ሥር ቆማ የሥራ መውጫ ሰዓት ጠበቀች። ሴቶቹ ሲወጡ ሳቂታ መጨረሻ ላይ ቀረች፤ ስትወጣም ለመሸሽ አልሞከረችም። መጥታ ፊቷ ቆመች።

«የእህትሽ ልጅ ሸሚዙ ልኩ ሆነለት?» አለቻት ኮሌታ።

ሳቂታ ከንፈሯን ነከሰች። «አለቃው፣ የሆስፒታሉ ሥራ ሊያልቅ ነው፤ ከእናንተ መሀል ኮሌታ የሚሰፋ ከጠፋ የሸሚዙን ትዕዛዝ እንመልሳለን፣ እጅጌም ይዘጋል አለን። ሳላስበው ‹እኔ እችላለሁ› አልኩ። ካልኩ በኋላ ምን ላድርግ? አንቺ ባል አለሽ፣ እህቴ። እኔ ልጆቼን ማን ያበላልኛል?»

«እኔ ናታ! ማን ነበረ ያበላቸው?» አለች ኮሌታ። ይህን ተናግራ ራሷ ደነገጠች፤ ያንን ውለታ አንድም ቀን አንስታው አታውቅም ነበር። ሳቂታ በጥፊ የተመታች ያህል ዞረች።

«ስንት እሑድ ቤቴ ተቀምጠሽ ስታወሪ፣ አንድ ቃል መተንፈስ አቃተሽ?»

«ብነግርሽ ታሳዪኝ ነበር?»

ቀድመው የወጡት ሴቶች ቆመው ይሰማሉ። አንዷ፣ «ተያት እንጂ! እሷስ ወዳ ነው? እኛም እኮ ሰው ነን» አለች። ኮሌታ ዞር ብላ ሄደች።

ማታ ለባሏ ስትነግረው ደሙ ፈላ። «አሁኑኑ ሄጄ የምላትን እላታለሁ» ብሎ ተነሣ። እጁን ይዛ አስቀመጠችው።

«ለመሆኑ ብትነግርሽ ታሳዪያት ነበር?» አላት ቆይቶ።

«እንጃ» አለች። እንባዋ ያን ጊዜ ነው የመጣው። «ላሳያት እችል ነበር። ልከለክላትም እችል ነበር። ግን ትጠይቀኝ ነበራ! እንደ ሞኝ አስቀምጣ፣ በገዛ እጄ፣ በገዛ መኪናዬ... እኔ ደግሞ ቀልድ እቀልድላታለሁ።»

ከወራት በኋላ ገበያው ተነሣና ትልቅ ትዕዛዝ መጣ። ኮሌታ ክፍልም ቁልፍ ክፍልም ተጠራ። በተመለሱበት ዕለት አለቃው ያንኑ መኪናዋን ሊሰጣት ሲል ኮሌታ፣ «መስኮቱ ጋ ያለው ይሻለኛል፤ ዓይኔ ብርሃን ይፈልጋል» ብላ ከባለ ቁልፏ ጎን ተቀመጠች። በምሳ ሰዓት ሥራ ላይ የከረሙት ባንድ ጠረጴዛ፣ የተመለሱት በሌላ ጠረጴዛ ሆኑ። ባለ ቁልፏ ሳቂታን እያነሳች ስትጥል ሁሉም ሳቁ። ኮሌታ ግን አልሳቀችም፤ ስሟንም አላነሣችም።

ሳቂታ ስትፈራ ስትቸር ከወዲያኛው ጠረጴዛ ተነሥታ መጣች። ከስታለች።

«እንኳን ተመለስሽ፣ እህቴ» አለች፤ ፈገግ ለማለት እየሞከረች።

ኮሌታ ከወንበሯ በአክብሮት ብድግ አለች።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለቻት። «እርስዎስ እንዴት ከረሙ? ልጆችዎ ደኅና ናቸው?»

ሳቂታ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ኮሌታ አልሳቀችም። ሳቂታም ሳቋን መሀል ላይ ተወችው፤ «ደኅና ናቸው» አለች በቀጭኑ፣ ቆማ ትንሽ ጠበቀችና ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ባንድ አዳራሽ ብዙ ሠርተዋል። ኮሌታ አንድም ቀን ክፉ አልተናገረቻትም፤ መቀስም ክርም ስትጠይቃት በሁለት እጇ ትሰጣታለች። «አንቺ» ግን ዳግመኛ አላለቻትም።