ከሳህኑ ሥር ያለው ስም

ኤትና ሳህኑን ከነምግቡ ከፍ አድርጋ ከሥሩ የተለጠፈውን ፕላስተር አነበበች። «ፊሎ» ይላል። ቀጣዩ የመምህሯ ነው፤ ከሱ ቀጥሎ ያለው ደግሞ የመቃብር ቆፋሪው ሚስት። ሦስቱም እንቁላል በዳቦ ናቸው። ለቅሶ ቤት የሚመጣ ሳህን ሁሉ ከሥሩ ስም ይለጠፍበታል፤ ሐዘኑ ሲያበቃ እየተነበበ ወደየቤቱ ይመለሳል። ባለሳህኑም በር ላይ ቆሞ ሁለት ሦስት ቃል ማውራቱ አይቀርም።

«እንቁላሉ በዝቷል» አለች ጎረቤቷ ፊሎ ከኋላዋ ሻይ እየቀዳች። «የመንደሩ ዶሮ ሁሉ ለኑላ ያለቀሰ ነው የሚመስለው።»

ኤትና ልትስቅ ፈለገች፤ ፊቷ ግን እሺ አላላትም። ከማክሰኞ ጀምሮ ፊቷ የራሷ አይመስላትም።

ማክሰኞ ጠዋት ጓደኛዋ ኑላ አትክልት ሱቁ ደጃፍ ላይ ካሮት እየመረጠች ነበር። ሁለት መርጣ ሦስተኛውን ስታነሣ ወደቀች። ሐኪም ሲደርስ ልቧ ቆሞ ነበር። ገና ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ጉንፋን እንኳ አይደፍራትም ነበር። ለኤትና መርዶውን የነገራት ባለሱቁ ነው። እሷም መንደሩ ውስጥ ሌላ ኑላ እንደሌለች እያወቀች «የቷ ኑላ?» ብላ ጠየቀችው።

ረቡዕ አስከሬኑ ቤት ገባ፤ ሳሎን ውስጥ ሣጥኑ ክፍት ሆኖ ተቀመጠ። የኑላ ባል ፊንታን ኤትናን ክንዷን ይዞ ወደ ኩሽና ወሰዳትና «ይሄ ያንቺ ነው፤ እኔ ምን የት እንዳለ አላውቅም» አላት። በዚህ በምዕራብ አየርላንድ ጠረፍ የለቅሶ ቤት ኩሽና የተሰጠው ሰው ከቄሱ ቀጥሎ ያለ ሹም ነው። ማን ሻይ እንደጠጣ፣ ማን ሳይቀምስ እንደሄደ፣ ማን የገዛውን ኬክ ጋገርኩት ብሎ እንዳመጣ እሱ ያውቃል። ኤትና ሹመቱን ተቀብላ ሽርጧን አሰረች፤ እጇ ሲሠራ ቢያንስ አእምሮዋ ዝም ይልላት ነበር።

ችግሩ የመጣው ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ሻይ የምታፈላበትን ማንቆርቆሪያ ጥዳ የግድግዳውን ሰዓት አየች፤ ሳታስበው ስልኳን ከሽርጧ ኪስ አወጣችና ጣቷ የለመደውን ቁጥር ነካች። ከጎኗ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የኑላ ስልክ ጮኸ። ሳሎን የነበረው ወሬ ሁሉ ቀጥ አለ። ኤትና ስልኳን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ቆማ ቀረች፤ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ አራቴ ጠራ። ፊሎ መጥታ ቀስ ብላ ከእጇ ወሰደችባትና ዘጋችው።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ከእሑድ በቀር በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ ወይ ኑላ ወይ ኤትና ትደውላለች። ሰላምታ እንኳ የለም። «ዛሬ ምንድን ነው?» ትላለች ኑላ።

«ድንች አለ፣ ጎመን አለ፣ ከትናንት የተረፈ ሥጋም አለ።»

«እንግዲያው አደባልቀሽ ጥበሺው። ቅቤውን እንዳትሰስቺ።»

«አንቺስ?»

«እኔማ ዶሮ ነው። ቢራ ካለ በቢራ፣ ከሌለ በውኃ።»

ነገሩ የተጀመረው የኤትና እናት በሞቱበት ክረምት ነው። ኤትና ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጆቿ ከተማ ገብተዋል። እናቷ ሲጨመሩበት ማብሰል ተወች። ለአንድ ሰው ድንች መላጥ ምን ያደርጋል ብላ ከዳቦና ከሻይ ጋር ቀረች። ቀሚሷ ሰፋ። ያኔ ነው ኑላ መደወል የጀመረችው። ዳቦ በላሁ ብሎ መመለስ ያሳፍራል፤ መዋሸት ደግሞ ኤትና አትችልበትም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚወራ ነገር እንዲኖራት ብላ አበሰለች፤ ውላ አድራ ራቧት አበሰለች።

ያን ክረምት የቀበረችው እናቷን ብቻ አልነበረም። ከእናቱ ጋር ይኖር ከነበረው ከታላቅ ወንድሟ ከማላኪ ጋርም ተለያየች። ኤትና ሦስት ሌሊት እናቷ አልጋ አጠገብ ተቀምጣ አራተኛው ላይ ማላኪ ሄደሽ ተኚ ብሎ ላካት፤ ጎህ ሲቀድ እናታቸው አረፉ። ማላኪ የደወለላት ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። «ትንሽ ትተኛ ብዬ ነው» አለ። እሷም መቃብሩ አፋፍ ላይ፣ ሰው እየሰማ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም» አለችው። እሱ ቤተ ክርስቲያን በቀኝ ይቀመጣል፣ እሷ በግራ። መንደሩም ለምዶታል፤ ሁለቱን አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚጠራ ሰው የለም።

ሐሙስ፣ የለቅሶው ሁለተኛ ቀን፣ ኤትና ለሳህኖቹ ቦታ ስትፈልግ የኑላን ፍሪጅ ከፈተች። ታችኛው መደርደሪያ ላይ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አገኘች። በጭስ የደረቀ ዓሣ ነው፤ ሰኞ የተገዛ። ሰኞ አሥር ሰዓት ላይ ኑላ የጠየቀቻት ስለዚህ ነበር፤ ዓሣው በወተት ተቀቅሎ፣ ባሮ ሽንኩርት ገብቶበት፣ ላዩ በተፈጨ ድንች ተሸፍኖ የሚጋገረው የኤትና እናት ምግብ።

«ሰናፍጩ ከወተቱ በፊት ነው በኋላ?» አለቻት።

«በኋላ። ስንቴ ልንገርሽ?»

ለኑላ የተናገረችው የመጨረሻ ቃል ይሄው ነው፤ ስንቴ ልንገርሽ።

ፊንታን ሊታጠብ ወደ ኩሽና ብቅ ሲል ዓሣውን አሳየችው። ዓይኑ አብጧል፤ ሸሚዙን አዛንፎ ቆልፎታል። «ይሄ ሳይበላሽ ልሥራልህ» አለችው። «ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስክም። ኑላ እንደምትሠራልህ አድርጌ አበስለዋለሁ።»

«ዓሣ?» አለ ፊንታን ግራ ተጋብቶ። «እኔ ዓሣ በልቼ አላውቅም። ሽታው ራሱ አይስማማኝም።»

ኤትና ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ይህን ምግብ ኑላ አሥር ጊዜ ያህል ጠይቃታለች፤ በኋላም «ሳህኑ ተጠርጎ ነው የመጣው» እያለች ነግራታለች። «ታዲያ ለማን ነበር የምትሠራው?»

ፊንታን ፊሎን አያት፤ ፊሎ ደግሞ የሻይ ማንኪያ መቁጠር ጀመረች። ከዚያ እሱ ጎንበስ ብሎ ከመታጠቢያው ሥር ያለውን ቁም ሣጥን ከፈተና አንድ ሳህን አውጥቶ ሰጣት። ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ፣ አንድ ጎኑ የተላጠ ጎድጓዳ የቆርቆሮ ሳህን። ኤትና ስምንት ዓመት ሳይሞላት የድንጋይ ወለል ላይ ጥላ የላጠችው እሷው ናት። የእናቷ ሳህን ነው። ገለበጠችው። ብዙ ጊዜ ምድጃ ገብቶ የጠቆረ ፕላስተር ላይ፣ በሚንቀጠቀጥ ትልልቅ ፊደል «ማላኪ» ተብሎ ተጽፏል።

«ሐሙስ ሐሙስ ትወስድለት ነበር» አለ ፊንታን። «ዛሬም ልትወስድለት ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እናንተ ከተጣላችሁ ጀምሮ። ሥጋ ቆርጦ መጥበስ የማይችል ሰው፣ ብቻውን። እንዳትነግራት አለችኝ፤ ካወቀች የምትነግረኝን ምግብ ሁሉ ትደብቀኛለች አለችኝ።»

ኤትና ወደ ፊሎ ዞረች። «አንቺም ታውቂ ነበር?»

«መንደሩ ሁሉ ያውቃል፣ እመቤቴ» አለች ፊሎ፣ አሁንም ማንኪያዎቹን እያየች። «አንቺ ብቻ ነሽ የቀረሽው።»

ኤትና ሳህኑን አስቀምጣ ከኩሽና ወጣች። ሳሎን የነበሩት ሦስት አሮጊቶች ፊቷን ሲያዩ ተነሥተው ቦታ ለቀቁላት። ኑላ በሰማያዊ ቀሚሷ ተኝታለች፤ ጣቶቿ ላይ መቁጠሪያ ተጠምጥሟል። አውራ ጣቷ ላይ ድንች ስትልጥ ቢላ የቆረጣት ቁስል ገና አልዳነም። አሁን መቼም አይድንም። ያ ሐሳብ ከሁሉ የባሰ መታት፤ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አሞኘሽኝ» አለቻት በሹክሹክታ። «እኔ ደግሞ ለፊንታን ብዬ፣ ይጣፍጠው ብዬ፣ የእናቴን ሙያ አንድ ሳላስቀር...»

ተናዳ ነበር፤ እውነተኛ ንዴት። ብትነሣ ኖሮ ትጮህባት ነበር። ኑላ በሁለት ቤት ጠረጴዛ መሃል ቁጭ ብላ አንዷን በስልክ እያስበሰለች፣ ወደ ሌላው በእግሯ እየተመላለሰች፣ ሁለቱንም ስታበላ ኖራ አንድ ቀን እንኳ ትንፍሽ አላለችም። ኤትና ይህን ስታስብ ንዴቷ የሚይዘው አጣ፤ ከማክሰኞ ጀምሮ አልወጣ ያላት እንባ ድንገት መጣ።

ሲበቃት ፊቷን በሽርጧ ጠርጋ ወደ ኩሽና ተመለሰች። «ማንቆርቆሪያውን አንሺልኝ» አለቻት ፊሎን። «ምድጃውን እፈልገዋለሁ።»

ድንች ላጠች። ባሮ ሽንኩርቱን ቀጭን አድርጋ ከተፈች። ዓሣውን በወተት ጣደች፤ ወተቱ ሲፈላ ሰናፍጩን ጨመረች። ቤቱ ውስጥ እናቷ ሥጋ በማይበላበት ዓርብ ዓርብ የሚሠሩት ምግብ ሽታ ተነሣ። ፊንታን አፍንጫውን ይዞ ወደ ግቢ ወጣ፤ ይህን ያዩት ሰዎች ከለቅሶው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ኤትና የእናቷን ሳህን ከምድጃው ስታወጣ ላዩ ወርቅማ ሆኗል። እስኪበርድ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው።

የመቁጠሪያው ጸሎት ሊጀመር ሲል ከደጅ ያለው ሰልፍ ውስጥ ማላኪ ታየ። ጸጉሩ ነጭ ሆኗል፤ በጥቁር ኮቱ ውስጥ ጠፍቷል። በየለቅሶው እንደሚያደርገው አደረገ፤ የፊንታንን እጅ ጨብጦ «እግዚአብሔር ያጽናህ» አለ፣ ሣጥኑ አጠገብ ተንበረከከ፣ ከዚያ እህቱ ካለችበት ኩሽና ርቆ በፊት ለፊቱ በር ለመውጣት ዞረ። ሻይ ሳይጠጣ። ኤትና ከኩሽናው ደፍ ላይ ሆና አየችው። አሁን ከሄደ ዛሬ እራቱ ዳቦ ነው፤ ሐሙስ ሁሉ ዳቦ ነው፤ ለእሷም የሚደውልላት የለም። ይህን ከዚያ ክረምት ጀምሮ ሆዷ ያውቀዋል።

«ማላኪ።»

ዘጠኝ ዓመት ከአፏ ያልወጣ ስም ነው። በኮሪደሩ የቆመው ሰው ሁሉ ወደ ግድግዳው ተጠጋ፤ ማላኪ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ።

«ሻይ ሳትጠጣ ልትሄድ ነው?»

«እንዳላስቸግርሽ ብዬ ነው።»

«ያኔም እንደዚሁ ብለህ ነበር።»

ማላኪ ራሱን አቀረቀረ። «ሦስት ሌሊት አልተኛሽም ነበር» አለ። «ሰዓት ያለኝ መስሎኝ ነው፣ ኤትና። እናታችን እንዲህ ቶሎ ትሄዳለች አላልኩም።»

ሰኞ ስልኩን ስትዘጋ ኤትናም ሰዓት ያላት መስሏት ነበር። ወደ ኩሽና ተመልሳ መሳቢያውን ከፈተች፤ ከፕላስተሩ ጥቅል ላይ አንድ ቁራጭ ቆርጣ በእስክሪብቶ ጻፈችበት። ሳህኑን ከፍ አድርጋ ከሥሩ፣ ከጠቆረው ፕላስተር አጠገብ፣ ለጠፈችው። ከዚያ በጨርቅ ይዛ ወጣችና ሰጠችው።

ማላኪ ሽታውን ሲያውቅ ባርኔጣውን ብብቱ ሥር ሸጎጠና ሳህኑን በሁለት እጁ ያዘው።

«ሰናፍጩ ከወተቱ በኋላ ነው የገባው» አለች ኤትና። «ኑላ አስቀድማ ነበር የምትጨምረው፣ አይደል?»

«አዎ። ያቃጥል ነበር» አለ ማላኪ። «አልነገርኳትም።»

ሳህኑን እንደመንደሩ ሰው ሁሉ ከፍ አድርጎ ከሥሩ ያለውን አነበበ። ሁለት ስም አለ፤ አንዱ አሮጌ፣ አንዱ አዲስ። የእህቱ ስም የተጻፈበት ፕላስተር አንድ ጥጉ ተነሥቷል። ማላኪ አውራ ጣቱን አሳርፎበት፣ እስኪጣበቅ ድረስ ተጭኖ ቆየ።