የእድር ድንኳን ለሽያጭ መክፈቻ

የሪል እስቴቱን ስም አልጠራም፤ ማስታወቂያ በነጻ አልሠራም። ሰበታ ላይ ያለውን የእድራችንን አዳራሽ አፍርሶ «ለሁሉም የሚሆን፣ ተመጣጣኝ ዋጋ ያለው አፓርታማ» ሊሠራልን የመጣ ድርጅት ነው። ዋጋው ከምን ጋር እንደተመጣጠነ እስካሁን የነገረን የለም። ከእኔ የጃንጥላና የባልዲ ሱቅ ጋር እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ።

አዳራሽ ስላችሁ ቤተ መንግሥት እንዳይመስላችሁ። ቆርቆሮው ስለሚያፈስ ክረምት ላይ ስብሰባ ስንገባ ጃንጥላ ዘርግተን ነው የምንቀመጠው፤ ለእኔ ጥሩ ገበያ ነበር። ከኋላው አንዲት ክፍል አለች። እዚያ የሚኖሩት አዴ ገለቴ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ የእድሩን ብረት ድስት፣ አግዳሚ ወንበርና ድንኳን ይጠብቃሉ፤ ደመወዛቸውም ያቺው ክፍል ነች። አዳራሹ ሲፈርስ እሳቸው የት ይገባሉ ብለን ስንጠይቅ የእድሩ ሰብሳቢ አቶ ዳኜ «በፕላኑ ተካቷል» ይሉናል። ፕላኑን ያየ ሰው የለም። ደግሞ ለምን ይታያል? ተካቷል ተባለ እኮ።

የሽያጭ መክፈቻው ቀን ደረሰ። የሽያጭ ኃላፊው ኪሩቤል ይባላል፤ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ጫማው የሰበታን ጭቃ ያላየ ልጅ ነው። ድንኳን ከሩቅ ከማስመጣት የእድሩን መዋስ ይሻላል አለ። ቆጣቢ ነው፣ ይባረክ። አቶ ዳኜም ፈቀዱ፤ እንግዳ እንዴት እምቢ ይባላል? አዴ ገለቴ ድንኳኑን ከነካስማው አውጥተው ሰጡት። እሱም እዚያው ደጃቸው ላይ አስተከለው፤ ወንበር ደረደረና መሐል ላይ የሕንፃውን ሞዴል ከነአሻንጉሊት መኪናዎቹ በጠረጴዛ አስቀመጠ።

አንድ ነገር ብቻ ማንንም አልጠየቀም። እኛ አገር የእድር ድንኳን በሰው ደጅ ተተክሎ ያየ ሰው ውጭ ቆሞ «ምንድነው?» አይልም። መጀመሪያ ገብቶ ያለቅሳል፤ የሞተው ማን እንደሆነ ቀስ ብሎ ይጠይቃል።

ቀድመው የገቡት ኦቦ ጃለታ ናቸው፤ የተፍኪ ገበሬ፣ የአዴ ገለቴ ባል የልብ ወዳጅ የነበሩ። ለገበያ መጥተው ከታክሲ ሲወርዱ ድንኳኑን አዩ፤ በማን ደጅ እንደተተከለም አዩ። ጋቢያቸውን ዘቅዝቀው «ገለቴ! ወይኔ ገለቴ!» እያሉ ገቡ። ገበያተኛው ተከተላቸው። ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ። ለደንበኛ የተዘጋጀው ወንበር ጢም አለ። ኪሩቤል ደስ አለው፤ ይህን ያህል ቤት ፈላጊ አይቶ አያውቅም። ማይኩን አነሳና «እንኳን ደስ አላችሁ!» አላቸው። እኔ ድንኳኑ ፊት ለፊት ባለው ሱቄ በር ላይ ሆኜ አፌን በነጠላዬ ይዤ ሳቅኩ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ይሄኔ አዴ ገለቴ ከክፍላቸው ብቅ አሉ።

«ኤኙቱ ዱኤ? ማነው የሞተው?» አሉ ደንግጠው።

ኦቦ ጃለታ ተነስተው አቀፏቸው፤ በሕይወት መኖራቸውን ማመን አቅቷቸው ትከሻቸውን ደጋግመው ዳበሱ። ኪሩቤል እየሮጠ መጣ።

«አባቴ፣ ማንም አልሞተም! ቤት ልንሠራ ነው። ይምጡ፣ ይዩት» ብሎ ወደ ሞዴሉ ወሰዳቸው።

ኦቦ ጃለታ እንባቸውን ጠርገው ጎንበስ አሉ። «ባሬዳ! ያምራል። የገለቴ ክፍል የቱ ጋ ነው?»

ኪሩቤል ከሞዴሉ አጠገብ የቆሙትን አቶ ዳኜን አየ። አቶ ዳኜ የድንኳኑን ጣሪያ አዩ።

«እ... እዚህ ጋ ነበር» አለ ኪሩቤል፣ ጣቱን አሻንጉሊት መኪናዎቹ ላይ አድርጎ። «ፓርኪንግ ነው የሚሆነው። እናታችን ከፈለጉ ግን እንደማንኛውም ደንበኛ ቅድሚያ ክፍያውን...»

«አዳራሹስ?» አሉ ኦቦ ጃለታ።

«እሱም ፓርኪንግ ነው።»

አዴ ገለቴ ከኋላ ቆመው ይሰሙ ነበር። «ዳኜ፣ ተካቷል አላልከኝም?» አሉ። ሳቄ እዚያው ጠፋ። ያቺን ክፍል በየዓመቱ ለፋሲካ ኖራ ሲቀቧት አይቻለሁ፤ ሌላ የሚሄዱበት የላቸውም።

ኦቦ ጃለታ ቀና አሉና ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። ጋቢያቸውን አላቃኑትም።

«እንግዲያው አልተሳሳትኩም» ብለው ተቀመጡ።

አዴ ገለቴም ነጠላቸውን ዘቀዘቁና አጠገባቸው፣ ሐዘንተኛ በሚቀመጥበት ቦታ ተቀመጡ። ለመውጣት የተነሳው ገበያተኛ ሁሉ አንድ በአንድ ተመልሶ ተቀመጠ። ኪሩቤል ማይኩን ይዞ እንደቆመ ቀረ። እኔም ሱቄን ዘግቼ ገባሁ፤ ተራዬ ሲደርስ የአዴ ገለቴን እጅ ያዝኩ።

«እግዜር ያጥናዎት» አልኳቸው።

«አሜን» አሉኝና አለቀሱ።