ባዶዎቹ ሁለት ምቶች

«እኔንማ ኤላዲዮ ግማሽ ምት ዘግይተህ ገባህ ብሎ ከመድረክ አባሮኛል!» አለ ሽማግሌው ጡሩንባ ነፊ ቺቶ፣ አፉን በአይብና በብስኩት ሞልቶ። «በነጋታው ደግሞ ዶሮ ይዞ ቤቴ ከች አለ።»

«ዶሮዋን በልተህ ነዋ ይቅር ያልከው!» አሉ አክስት ፕሩደንሲያ፣ መቁጠሪያቸውን ሳይለቁ። ለቀስተኛው ሁሉ ሳቀ።

ኔሬይዳ አልሳቀችም። አባቷ ዶን ኤላዲዮ ከተቀበረ ወዲህ የፖንሴ ከተማ ሰው ማታ ማታ ለጸሎት እየመጣ የየራሱን ኤላዲዮ ያወራላታል፤ ቁጡውን፣ ቸሩን፣ ተጫዋቹን። እሷ የምታውቀው ዝምተኛውን ብቻ ነው። ታዲያ የቱን ታልቅስ? ግራ ገባት። ዛሬ የመጨረሻው ጸሎት ነው፤ ነገ ሰው ይበተናል። አባቷን አንዲት ዘለላ እንባ ሳታፈስለት ልትሸኘው ነው፤ ይህ አስፈራት።

ልጅ ሳለች፣ አባቷ ከባንዱ ጋር ዞሮ ሲመለስ መጀመሪያ የመኝታዋን የጣውላ ግድግዳ ከውጭ ሦስቴ ይመታል። እሷ ከውስጥ ሁለቴ ትመልሳለች። ሦስትና ሁለት፤ የአገሩ ዘፈን ሁሉ የሚቆመው በዚህ ምት ላይ ነው፣ ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል። ዐሥራ አምስት ዓመት የሞላት ቀን ግን፣ እንደ አገሩ ወግ የመጀመሪያውን ባለተረከዝ ጫማ አባቷ እንዲያጠልቅላት ሮዝ ቀሚሷን ለብሳ ስትጠብቅ፣ እሱ ኒውዮርክ ከበሮውን ይደልቃል። ሲመለስ ሦስቴ መታ። ትራሷን ነክሳ ዝም አለች። ደግሞ መታ። ዝም። ከዚያ ወዲያ ግድግዳውን ነክቶት አያውቅም።

«አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እህቴ» አላት የአባቷ ተማሪ ታቶ፣ የመምህሩን ከበሮ ግቢው ውስጥ እያቆመ። «አባትሽ በየዘፈኑ መሃል ባንዱን ጸጥ ያሰኙና ሦስት መትተው የቀሩትን ሁለቱን ይተዉት ነበር። ባዶ! በመጀመሪያ ጃጁ ብለን አምተናቸው ነበር። ሕዝቡ ግን አበደለት። ዛሬ በደሴቲቱ ከበሮ የያዘ ሁሉ ያንን ዝምታ ይቀዳል።»

«ለምን ይተዉት ነበር?» አለች ኔሬይዳ።

«ጠይቄያቸው ነበር። ‹የኔ ድርሻ ሦስቱ ነው፤ ሁለቱ የሰው ነው› አሉኝ። እስከ ዛሬ አልገባኝም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዚያ ከኒውዮርክ ጉዞ ወዲህ።»

ጸሎቱ አለቀ፤ ባንዱ መጫወት ጀመረ። ዘፈኑ ሲጋጋል ታቶ እጁን አነሣ፤ ሁሉም ጸጥ አለ። ሦስቴ መታ፤ ቆመ።

ባዶዎቹ ሁለት ምቶች ለእሷ የተተዉ ይሁኑ አይሁኑ ኔሬይዳ አሁንም አላወቀችም። እንባዋ ግን ቀድሟት ወርዷል። እጇን ወደ ኋላ ሰደደችና የቤቱን የጣውላ ግድግዳ ሁለቴ አንኳኳች።